የአምስተኛ ክፍል ፖስታ

እውነቱን ከመጀመሪያው እንናገር፤ ጥፋቱ የእሷ ነው። የዝናቡ አይደለም፣ የፖስታዎቹ አይደለም፣ ደረጃው ላይ ቆሞ እጁን የዘረጋላት መምህርም አይደለም። ሰው ለጥፋቱ ማሳበቢያ አያጣም። እሷም አንድ በአንድ ሞክራቸው ነበር፤ አንዱም እንቅልፍ አልሰጣትም።

በአካባቢው ምክር ቤት የትምህርት ክትትል ባለሙያ ነበረች። በምክር ቤቱ ሥር አሥራ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ልጆቹ በክፍላቸው ልክ ማንበብ መቻላቸውን እየዞረች የምትመዝነው እሷ ናት። ልጁ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። አንድ ገጽ ምንባብ ትሰጠዋለች፤ ሰዓቷን ይዛ «አንድ ደቂቃ፤ ጀምር!» ትለዋለች፤ ደቂቃዋ እስክታልቅ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቆጥራ ቅጹ ላይ ታሰፍራለች። ከዚህ የተነሳ ልጆች በሄደችበት ሁሉ «እትዬ ደቂቃ» ይሏታል። ያኔ ስሙን ትወደው ነበር።

ምንባቡ አስቀድሞ እንዳይወጣ ለየትምህርት ቤቱ የተለያየ ነው፤ በታሸገ ቡናማ ፖስታ ይመጣል። የክፍሉ ቁጥር ጥጉ ላይ ተጽፏል። በምን? በእርሳስ! እስቲ አሁን የሰው እንጀራ የሚወሰንበት ወረቀት ላይ በእርሳስ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ምን ይባላል? ያም ሆኖ ጥፋቱ የእሷ ነው ብለናል።

የዚያን ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ፖስታዎች ነበሩ። አንዱ የዕለቱ ሥራ፣ የሦስተኛ ክፍል። ሁለተኛው ተራው ከሁለት ወር በኋላ የሚደርሰው የአምስተኛ ክፍል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስፈርመው ነው የሰጧት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፤ ግቢው መሃል ስትደርስ ወረደ። ሮጣ ደረጃውን ስትወጣ ጫማዋ አዳለጣት። አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ከክፍል ብቅ ብሎ እጁን ሰደደ፤ የያዘው ግን ቦርሳዋን ነው። እሷ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«እሰይ!» አለች እዚያው ሆና። «ቦርሳውን አዳኑ፣ ሴትዮዋን ጣሉ!»

«የመንግሥት ንብረት ነው ብዬ እኮ ነው» አለ ሰውየው ደንግጦ። «ደግሞ ሰው ቢረጥብ ይደርቃል። ወረቀት ከረጠበ አበቃለት።»

«ጉልበቴም የመንግሥት ነው፤ በሥራ ሰዓት ነው የተላጠው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ሰው ነው። እሷም ሳቀች፤ ለምን ያን ያህል እንደሳቀች እስከ ዛሬ አታውቀውም። አስነሥቶ ክፍል አስገባት፤ ፖስታዎቹን አውጥቶ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላት፤ በእርሳስ የተጻፈውንም አብሮ ጠረገው። ሁለቱም አላዩም። ደንቡ በምዘና ሰዓት መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዳይኖር ያዛልና ወጣ፤ እሷም ሳቋ ሳይለቃት ከላይ ያለውን ፖስታ ቀደደች።

አርባ አንድ ልጆች አንድ በአንድ ገቡ፣ አንድ በአንድ ተንተባተቡ። መሃል ላይ ጓደኞቿ «ጮሌ» የሚሏት፣ ሁለት የፊት ጥርሷን የነቀለች ልጅ ገባች። ምንባቡን አየችና ቀና አለች።

«እትዬ፣ ይሄን እኛ አልተማርነውም።»

«የተማራችሁትን ብቻ አይደለም የምታነቡት። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ቀጥይ።»

ጮሌ አራት ቃል አነበበች። አምስተኛው «ይተናል» የሚል ነበር፤ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። እትዬ ደቂቃ በቅጹ ላይ «4» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል መምህሩ በመስኮቱ በኩል፣ በረንዳው ላይ ቆሞ እጅጌውን ሲጨምቅ አየችው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ፈገግ አለችለት። ልጅቷ እያለቀሰች እሷ ፈገግ አለች። ይህችን ነገር ልርሳት ብትል እንኳ አትረሳትም።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውጤት ተነበበ። የክትትል ኃላፊው፣ አለቃዋ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ከመጨረሻው መስመር ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከአርባ አንድ ተማሪዎች ደረጃውን ያሟሉ ስድስት። ከአሥራ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች አሥራ ዘጠነኛ።»

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ብድግ አሉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ጠጉራቸውን አጥብቀው የሚያስሩ ሴት ናቸው። «ሦስተኛ ክፍሌን አውቀዋለሁ» አሉ። «ይህ ቁጥር የእነሱ አይደለም። ወረቀቱን ልየው።»

አፈ ጉባኤው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። «ተጣርቷል ወይ?»

አላጣራችም። ማን አጣርቶ ያውቃል? ደምራ፣ አካፍላ፣ ፈርማ ነው የሰጠችው። ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ያያታል።

«ተጣርቷል» አለች።

አንድ ቃል። በዚያች ቃል ርዕሰ መምህሯ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ መዝገብ ቤት ማህተም መቺ ሆነው ተዛወሩ፤ መምህሩም ክፍሉን ተቀምቶ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ። ከልጆቹ መካከል ሠላሳ አምስቱ «ደካማ» የሚል ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ ዝርዝሩም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ።

*

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ቢሮዋ መጣ። ሊጣላት ነው ብላ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ያለች የተጣጠፈች ወረቀት እየነካካ፣ «የልጆቼን ቅጽ ልየው?» አላት። «የት ላይ እንደወደቁ ካየሁ የማነሳበትን አውቃለሁ።»

አውጥታ ሰጠችው። ቆጠራውን አልነበረም ያየው፤ የገጹን አናት ነው፣ የምንባቡ ርዕስ የተጻፈበትን። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን አየ። ለምን እንደዚያ እንዳያት የገባት በኋላ ነው።

«ያን ቀን ዝናብ ነበር» አለች። «በርዷቸውም ይሆናል። ልጆች ሲበርዳቸው... እኔ ራሴ እኮ ሌሊቱን እሱን ሳስብ... ይቀመጡ እባክዎ። ወንበሬ ላይ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። ወረቀቷን ከኪሱ አወጣት፣ መልሶ ከተታት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በግምጃ ቤቱ ላስነብባቸው ነው» አለ። «የመጣ ይመጣል።»

«እኔም ልምጣ?» አለች። አፏ ነው ያለው፤ እሷ አላሰበችውም።

ፍቅራቸው የጀመረው እንዲህ ነው። በአቧራማ መጻሕፍት መሃል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በልጆች ጫጫታ። ልጆቹ እሱን «መምህር እንቁላል» ይሉታል፤ የተቸገረ ልጅ ባየ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚል። ሌሎቹ መምህራን ደግሞ ሁለቱን አብረው ባዩ ጊዜ «በሬ ካራጁ ይውላል» እያሉ ያሾፉ ነበር። እሱ ይስቃል። እሷ ትቀላለች።

ልጆቹ ሲሄዱ መጻሕፍቱን አብረው ይደረድራሉ። እሱ ከላይኛው መደርደሪያ፣ እሷ ከታችኛው። አንድ ቀን እጃቸው በአንድ መጽሐፍ ላይ ተገናኘ፤ ማንም ቀድሞ አላነሳም።

«እርስዎ» አለ፤ ከዚያ አረመው። «አንቺ። ማንም ሰው ስለ ልጆቼ ዝርዝር ጠይቆኝ አያውቅም። የትኛው ፊደል እንደሚያስቸግራቸው፣ የትኛው ከቤት ሳይበላ እንደሚመጣ። አንቺ ጠየቅሽኝ።»

«ሥራዬ ነው።»

«ቅዳሜ ሥራሽ አይደለም።»

ምን ትበል? ዝም አለች። ዝምታዋ ግን እሺ ይመስል ነበር፤ እሱም እንደዚያው ወሰደው።

ጮሌ ትመጣለች። ጥግ ይዛ መጽሐፍ ትከፍታለች፣ ገጽ ታገላብጣለች። ግን ድምፅ አታወጣም። «አንብቢልኝ» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። ያቺ በአንድ ትንፋሽ አሥር ወሬ የምታወራ ልጅ ወረቀት ፊት ዲዳ ሆነች።

እትዬ ደቂቃን ደግሞ ቤት ውስጥ እናቷ አላሳረፏትም። «ሰሞኑን መስታወት አበዛሽ» ይላሉ። «የመንግሥት ሥራ እንዲህ ቅባት የሚያስቀባ ከሆነ እኔንም አስቀጥሪኝ።»

«እማዬ ደግሞ! ምን ታይቶሽ ነው?»

«እኔማ ምን አይቼ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!»

*

ሁለት ወር ሞላ። የአምስተኛ ክፍል ምዘና ሲደርስ ከመሳቢያዋ የቀረውን ፖስታ አወጣች። እንደታሸገ ነው። እርጥበት የጨረፈው ጥግ ላይ የእርሳስ ጥላ አለ፤ ወደ መስኮት ወስዳ ብርሃን ላይ ያዘችው። አምስት አይደለም። ሦስት ነው።

ክው አለች። መጀመሪያ «የሰው ዓይን ይሳሳታል» ብላ ፖስታውን አገላበጠችው። ከዚያ ቀደደችው። «የድመቷ ግልገሎች» ይላል፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትልልቅ ፊደል። ያንን አርባ አንድ ልጆች ያስነበበችውን አስታወሰች፦ የውኃ ዑደት፣ ትነት፣ እርጥበት አዘል አየር። እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። «ይሄን እኛ አልተማርነውም» ያለችው ልጅ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

ወደ ኃላፊው ሄደች። ሰምቶ ሲያበቃ በሩን ተነሥቶ ዘጋው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«ጥሩ። ስሚኝ የኔ እህት። ምክር ቤት ያጸደቀው ነገር ነው፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አሁን በዚህ በትክክለኛው ፖስታ ድጋሚ ምዘና አድርጊላቸው። ልጆቹ ያልፋሉ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ አንቺም ከእንጀራሽ አትነሺም።»

«ርዕሰ መምህሯስ?»

«ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ይረፉ እንጂ!»

እዚህ ላይ ልንሰድባት እንችላለን። ግን ልጅ ሳለች አባቷ ሞቶ እናቷ በሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ነው ያስተማሯት፤ ያ ቢሮ የእናቷ እጅ ነው። ደግሞ ከሁሉ በላይ ቅዳሜ አለ። ብትናገር መምህሩ ዳግም ዓይኗን አያይም ብላ አመነች። ስለዚህ እሺ አለች። ፈራች፤ ሌላ ስም የለውም።

ድጋሚ ምዘናው ተደረገ። ከአርባ አንዱ ሃያ ስምንቱ አለፉ። ጮሌ ግን ወረቀቱን ሳታይ «አልችልም» ብላ ወጣች። ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ተፍለቀለቀ። «አየሽ? ሴትዮዋ ሲነሱ ትምህርት ቤቱ ነቃ! ከስድስት ወደ ሃያ ስምንት! በሚቀጥለው ጉባኤ ለክፍላችን የምስጋና የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለአዲሱም ርዕሰ መምህር።»

ያኔ ነው ያንገፈገፋት። ዝም በማለቷ ጥፋቷን የደበቀች መስሏት ነበር፤ ለካስ የርዕሰ መምህሯን ስም ሁለተኛ ጊዜ ቀበረችው። ምሳ አልወርድ አላት። እናቷ ፊቷን አይተው «ምነው ልጄ፣ ከመስታወቱም ተጣላሽ?» አሏት።

*

ቅዳሜ ልጆቹ እስኪሄዱ ጠበቀች። መምህሩ ላይኛውን መደርደሪያ እያስተካከለ ነበር።

«ውረድ» አለችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ውረድና ተቀመጥ። ከነገርኩህ በኋላ ልትጠላኝ ትችላለህ፤ መብትህ ነው። ብቻ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።»

ሁሉንም ነገረችው። ፖስታውን፣ ሳቋን፣ «ተጣርቷል» ማለቷን፣ ኃላፊው ያላትን፣ አሥራ ስምንት ቀን ዝም ማለቷን። ስትጨርስ ፊቱን ለማየት አቅም አጣች፤ ጫማውን ነው ያየችው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ቢሮሽ የመጣሁ ቀን የምንባቡን ርዕስ አየሁት። አምስተኛ ክፍል ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው።» ደረት ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ ጠርዟ የተበላ ወረቀት አወጣ። «ይግባኝ ነው። ለአፈ ጉባኤው ልሰጥ ስሄድ ነው አስቀድሜ አንቺጋ የገባሁት። አንቺ ግን ሳታውቂው ልብሽ ተረብሾ፣ ወንበርሽን ለእኔ ትለቂያለሽ። ይችን ልጅ ዛሬ አላስባርራትም፣ ነገ አልኩ። ነገ ደግሞ ለሌላ ነገ። ከዚያ ወደድኩሽ፤ ያኔማ አለቀልኝ።»

እፎይ ማለት ነበረባት አይደል? አላለችም። «እትዬስ?» አለችው። ርዕሰ መምህሯን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። «አንተን በልጅነትህ ያስተማሩህ እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

እሱ አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም፤ ጎኑ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች። በሁለት ወር ፍቅራቸው እንደዚያ ቀን ተቀራርበው አያውቁም፤ እንደዚያ ቀንም አፍረው አያውቁም።

*

እሑድ ከሰዓት ርዕሰ መምህሯ ቤት ሄዱ። ሴትየዋ ለሰኞ ልብስ እየተኮሱ ነበር፤ ተቀመጡ አሏቸውና መተኮሳቸውን ቀጠሉ። ሁለቱ እየተቀባበሉ ተናገሩ። ካውያው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲጨርሱ ሴትየዋ ካውያውን አቆሙት።

«አንቺ ተሳሳትሽ» አሉ። «ሰው ይሳሳታል፤ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ስህተት ሳርም ነው። ስህተትሽን ካወቅሽ በኋላ ስንት ቀን ቆየሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከዛሬ ጋር።»

«አንተስ?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «ሁለት ወር አልፎኛል፣ እትዬ።»

«ሁለት ወር። እኔ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ማህተም ስመታ፣ ጎረቤት "ምን አጥፍታ ነው?" ሲለኝ፣ አንተ ከእሷ ጋር ትሳሳቃለህ።» ድምፃቸው አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻል ነበር። «ከእሷ ይልቅ አንጀቴን የቆረጥከው አንተ ነህ። እሷን ምን አውቃት።»

«ይቅር ይበሉን፣ እትዬ» አለች ባለሙያዋ። ከወንበሩ ወርዳ ልትንበረከክ ስትል ሴትየዋ ክንዷን ያዟት።

«ተነሽ፣ ተነሽ። ይቅርታው ቀላል ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። ግን በአደባባይ አዋርዳችሁኝ በጓዳ ነው ይቅርታ የምትጠይቁኝ? ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ የተበደልኩት? አርባ አንድ ልጆች አሉ!»

ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ። መንገድ ላይ እጇን ያዛት፤ እስከ አደባባዩ ድረስ አልለቀቃትም።

*

የጉባኤው ቀን የምስክር ወረቀቶቹ በመስታወት ተለብጠው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አፈ ጉባኤው የክትትል ክፍሉን ሲጠሩ ኃላፊው ኮቱን እየቆለፈ ተነሣ፤ እሷ ግን ቀደመችው።

«ይቅርታ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። ይህ ሽልማት ሐሰት ነው።»

ኃላፊው ቀሚሷን ከኋላ ጎተተ። አልተቀመጠችም። አንድ በአንድ ተናገረች። ለሦስተኛ ክፍል የአምስተኛ ክፍል ምንባብ መስጠቷን፣ ልጆቹ ደካማ አለመሆናቸውን፣ አሁን መሻሻል የተባለውም መሻሻል ሳይሆን የራሷ ስህተት መነሣት መሆኑን።

«ያን ጊዜ ስጠይቅዎ "ተጣርቷል" ብለውኝ ነበር» አሉ አፈ ጉባኤው።

«አዎ። ሳላጣራ ነው ያልኩት። ርዕሰ መምህሯ በዚያች ቃል ነው የተነሡት።»

ከሕዝቡ መቀመጫ መምህሩ ተነሣ። «እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ» አለ። «ምክንያቴ የግል ነው።»

«የግል ምክንያት ምንድን ነው?» አለ አንድ የምክር ቤት አባል።

መምህሩ እሷን አየ። «እወዳታለሁ» አለ።

አዳራሹ በሳቅና በጉምጉምታ ተናወጠ። «በሉ ተማክረው ነው የመጡት!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እሷ ልትስቅ አልቻለችም። ሰው ፍቅሩን በአደባባይ ሲናገርላት ማንኛዋም ሴት ደስ ይላታል፤ እሷ ግን ፊት ለፊት መስመር ላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡትን ርዕሰ መምህርት ነበር የምታየው። አልዞሩም።

ውሳኔው በዚያው ቀን ወጣ። ርዕሰ መምህሯ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ የተለጠፈው ዝርዝር እንዲቀደድ ታዘዘ። መምህሩ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ኃላፊው «ያውቁ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳል ያዘው፤ ሳሉ ሳይለቀው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። እሷ ከክትትል ሥራ ተነሥታ መዝገብ ቤት ተመደበች፣ ርዕሰ መምህሯ በለቀቁት ወንበር ላይ። እጇ የነካው ውጤት ሁሉ ተሰርዞ በሌላ ባለሙያ እንደ አዲስ እንዲመዘንም ተወሰነ።

መምህሩ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ጠበቃት። «እንግዲህ አንቺም ቢሮ የለሽም፣ እኔም ስሜ ጠቁሯል» አላት። «ታገቢኛለሽ?»

ልቧ እሺ አለ። አፏን ግን ያዘችው።

«ዛሬ አትጠይቀኝ፣ በሞቴ። ዛሬ እሺ ካልኩ የተሸለምን ይመስለኛል።»

አልተከራከራትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጮሌን ጥጓ ድረስ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ለምክር ቤቱ ከተናገረችው ይህ ከበዳት።

«ያ ያስለቀሰሽ ምንባብ የአንቺ አልነበረም» አለቻት። «የትልልቆቹ ነው። እኔ ነኝ ተሳስቼ የሰጠሁሽ። አንቺ ማንበብ ትችዪ ነበር።»

ጮሌ መጽሐፏን ከደነች።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች።

*

ሦስት ወር አለፈ። አዲሱ ውጤት በሚነበብበት ቀን እሷና መምህሩ ከሕዝቡ መሃል ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ርዕሰ መምህሯ ከፊታቸው። አዲሷ ባለሙያ ወረቀቱን ገለጠች። አሥራ ዘጠነኛው ተነበበ፣ የእነሱ አይደለም። አሥራ አምስተኛው ተነበበ፣ አይደለም። እሷ ትንፋሿን ይዛ ጣቶቿን ትቆጥራለች።

«ስምንተኛ» አለች ባለሙያዋ። «ከአርባ አንድ ተማሪዎች ደረጃውን ያሟሉ ሃያ ስድስት፣ ያላሟሉ አሥራ አራት። አንዲት ተማሪ ለማንበብ ፈቃደኛ አልሆነችም።»

ስምንተኛ። አንደኛ አይደለም፣ መጨረሻም አይደለም፤ ማንም የማያጨበጭብለት፣ ማንም የማይባረርበት ቁጥር። እውነት ነው ግን። እንባዋ መጣ፤ ግማሹ ለስምንተኛዋ፣ ግማሹ ለአንዲቷ ተማሪ። ማን እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው በሹክሹክታ።

«እዚህ? ሰው መሃል?»

«በአደባባይ ያጠፋ በጓዳ አይጠይቅም።»

ጎንበስ አለላት። «ታገቢኛለሽ?»

«እሺ።»

ርዕሰ መምህሯ አንገታቸውን ሳያዞሩ «ዝም በሉ፣ ስብሰባ ነው» አሉ። ግን የጆሯቸው ጫፍ ሲቀላ ከኋላ ታየ።

እጇን በሁለት እጁ ያዘው። «ቀኑን አንቺ ምረጪ» አላት።

«የፈለግከው ቀን ይሁን። ቅዳሜ ብቻ አይሁን።»

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። «ቅዳሜ የጮሌ ነው» አለ።

«አዎ» አለች። «እስክታነብ ድረስ።»